ከሴኡል ቶኪዮ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

እህቴ፣ ከሴኡል እስከ ቶኪዮ ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት ጠይቀሻል። በቀጥታ መስመር 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጃል። ስትመለሺ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥም፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ትንሽ ይረዝማል። የሰዓት ልዩነት የለም፤ ሰዓትሽን አትንኪው።

ዋናው ነገር ግን የኤርፖርቱ ምርጫ ነው። አንዱ የቶኪዮ ኤርፖርት ናሪታ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በዚያ ድካም ላይ ሻንጣ እየጎተቱ ሌላ አንድ ሰዓት በባቡር ማለት ነው። ከሴኡሉ ጊምፖ ኤርፖርት ወደ ሌላው የቶኪዮ ኤርፖርት ሃኔዳ የሚበር ካገኘሽ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ቁረጪ፤ ሁለቱም ለከተማ ይቀርባሉ። ከአዲስ አበባ በሌላው የሴኡል ኤርፖርት በኢንቼን አድርጎ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ግን የሚያርፈው ናሪታ ነው።