ማነው ከኋላዬ የመታኝ?

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ልጅ ሱቅ በር ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ድሮ ኳስ ይጫወቱ ነበር አሉ፤ ለምን አቆሙ?» አለኝ። «ሥራ በዛ» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ውሸቴን ነው። ቤቴ ገብቼም ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። እውነተኛውን መልስ ይኸው እጽፍለታለሁ፤ እናንተም አንብቡት።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። ደሴ ላይ ቀያሽ ከሆንክ ዕድሜህን ዳገት ስትወጣ ነው የምትኖረው። እስከ 40 ዓመቴ ስፖርት ልሥራ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነበር። ከዚያ ሹመት መጣ። ወንበር መጣ፣ መኪና መጣ፣ ቦርጭም ተከትሎ መጣ። እግሬ ሰባት ዓመት ጠረጴዛ ሥር ተቀመጠ። እኔ ግን ራሴን ያው እንደ ድሮው ቀያሽ ነበር የምቆጥረው።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ 23፣ በሠራተኞች ቀን፣ ከኮምቦልቻ ሰዎች ጋር ሆጤ ሜዳ ግጥሚያ ተያዘ። 47 ዓመቴ ነበር። ማለዳ ነው፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ሜዳውን እየዞሩ ሲያሟሙቁ እኔ ዳር ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ አሾፍባቸዋለሁ። «እኛ ድሮ ደብተራችንን ወርውረን ቀጥታ ነበር የምንገባው!»

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጫወትን ኳስ ከፊቴ ተለቀቀችልኝ። ልፈተለክ ግራ እግሬን ስገፋ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ተረከዜን ከኋላ በጫማ የጠለዘኝ መሰለኝ። ወደቅኩ። ዞር ስል በቅርቡ የቀጠርነው ልጅ ቆሟል። ሁለት እርምጃ ያህል ይርቀኛል። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ስድቡን ለቀቅኩበት፤ እናቱን ሳይቀር። «ጋሼ፣ ወላሂ አልነካሁዎትም» ይላል። «ውሸታም!» እላለሁ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቆሞ ይሰማል።

አዝሎ ከሜዳ ያወጣኝ ማን ይመስላችኋል? እሱው ነው። «አብሽር ጋሼ፣ አብሽር» እያለ እስከ ባጃጁ ተሸከመኝ። እኔ ጀርባው ላይ ሆኜ እንኳ አኩርፌዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ጋ ነው። «ወለምታ ነው» ብሎ በቅቤ አሸኝ። ሦስት ሳምንት አነከስኩ። እብጠቱ ጎደለ፤ በግራ እግሬ ጣቶች መቆም ግን አልቻልኩም። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በሆዴ አስተኝቶ እግሮቼ ከአልጋው ጫፍ እንዲንጠለጠሉ አደረገ። የቀኝ ባቴን ጨመቅ ሲያደርገው እግሬ ወደታች ተንቀሳቀሰ። የግራውን ጨመቀ፤ ዝም። «የተረከዝ ጅማትዎ ተበጥሷል» አለኝ። ቀጥሎ ሳቅ እያለ፣ «ሰው ከኋላ የመታዎት አልመሰለዎትም? ብዙው ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» አለ።

ላብ አጠመቀኝ።

ልጁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። አለቃው ነበርኩና። ጄሶው ሲፈታልኝ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ሲፈታ ደግሞ ዱላውን ስጥል አልኩ። ዱላውን ስጥል ግማሽ ዓመት አልፎ፣ ልጁ ሥራ ቀይሮ ከተማውን ለቆ ሄዷል።

ውሃ ጠጡ፣ አታጭሱ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ ያላወቅኩት ይህን ነው፤ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይመለሳል፣ ጅማት ለመጠንከር ግን ወራት ይፈልጋል። ያን ቀን ሳንባዬ «ትችላለህ» ሲለኝ ጅማቴን የጠየቀው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻውን ያሠራ ይላል። የዛሬ ልጆች ሁለተኛዋን ብቻ ነው የያዛችሁት። ክንድ በጂም ይነፋል፣ መስታወት ፊት ፎቶ ይነሣል፣ ፒያሳ ለመሄድ ግን ባጃጅ ይጠራል። መጠነኛ የሚባለው እየሄድክ ማውራት ችለህ መዝፈን ሲያቅትህ ነው። ይህን ሳነብ ድሮ ስንቀይስ ስታፍ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበትን የመለኪያ ዘንግ፣ የሚይዙልኝ አባት ትዝ አሉኝ። ስልሳን ያለፉ ሰው በበረባሶ የጦሳን ተራራ ሲወጡ መንዙማ ያንጎራጉሩ ነበር። ለእሳቸው ጦሳ መጠነኛ እንኳ አልነበረም ማለት ነው! እኔ ከኋላ እያለከለክሁ «ትንሽ እንረፍ» ስላቸው፣ «አንተ ስለምትሮጥ ነው» ይሉኛል።

ዘንድሮ 62 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጥርሴን የምፍቀው ደጃፌ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው፤ የእግሬ ግማሽ ደረጃው ላይ፣ ተረከዜ አየር ላይ። በሁለት እግሬ ወደ ላይ እነሣለሁ፣ በግራዬ ብቻ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። አሥራ አምስት ጊዜ። ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ቁልቁለቱን በባጃጅ እመለሳለሁ። ባለባጃጆቹ ይስቁብኛል፤ ሰው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ጉልበትን የሚጎዳው መውረዱ መሆኑን ጉልበቴ ነግሮኛል።

ከ45 በኋላ ኳስ ይቅርባችሁ ባይ ነኝ። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ አምጥቷል ብትሉኝ፣ እሱ ሰባት ዓመት ጠረጴዛ ሥር አልተቀመጠም። እኔም ብሆን በሆጤ ሳልፍ ኳስ ወደ እግሬ ከተንከባለለች መምታቴ አልቀረም። በቀኝ ግን ነው።

ለጠየቀኝ ልጅ፦ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ደጃፌ ላይ ጠብቀኝ። ዳገቱን አብረን እንወጣለን። የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።