«ከጉግል ልገላገል» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ግራፊንኦኤስ ትንሽ ነካ አድርጌ ነበር። ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ አንድሮይድ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ፣ የጉግል አፖች ሳይጫኑበት የሚመጣ፣ ጥበቃውም ጠበቅ ያለ የስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የሚጫነው ደግሞ፣ ነገሩ ያስቃል፣ ጉግል በራሱ ስም በሚሸጠው ፒክስል ስልክ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ጥያቄ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

«ቴክኖ ስፓርክ ነው ያለኝ፣ እንዴት ልጫነው?»

አይጫንም። ኢንፊኒክስም፣ አይቴልም፣ ሳምሰንግም ላይ አይጫንም። ይህን ጥያቄ የላካችሁ ብዙ ናችሁ፣ መልሱ ለሁላችሁም ያው ነው። ለዚህ ብላችሁ ተበድራችሁ ፒክስል አትግዙ። ይልቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የትኛው አፕ ማይክሮፎንና ሎኬሽን እንደተፈቀደለት አንድ በአንድ እዩ። የባትሪ መብራት አፕ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን ምን ይሠራለታል? አጥፉት። በዚህ የምታገኙት ጥቅም ቀላል አይደለም፣ ገንዘብም አያስወጣም።

«የእህቴ ልጅ ጉግል ያዳምጥሃል አለኝ»

እኚህ ጋሼ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይነግዳሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህታቸው ልጅ ለእረፍት መጥቶ አስፈራርቷቸው ሄደ። ፒክስል ስልክ አላቸው፣ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው። ልቀይረው ወይ ነው ጥያቄያቸው፣ ግን ገበሬውን የሚከፍሉትም ከአዲስ አበባ ገንዘብ የሚቀበሉትም በቴሌብርና በባንክ አፕ ነው።

ጋሼ፣ ልጁ ግማሹን ልክ ነው የነገረዎት። ጉግል ወሬዎን ቁጭ ብሎ አያዳምጥም፣ የት እንደዋሉና ምን እንደፈለጉ ግን ይሰበስባል። ግራፊንኦኤስ ይህን በጣም ይቀንሰዋል። የጉግል ፕሌይን አገልግሎት ካስፈለገዎት ሊጭኑት ይችላሉ፣ እንደማንኛውም ተራ አፕ ታጥሮ ይቀመጣል እንጂ ስልኩን ሁሉ የሚያዝ ጌታ አይሆንም።

ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። አንዳንድ የባንክና የክፍያ አፖች ሲከፈቱ «ይህ ስልክ አንተ ያጸደቅከው ነው?» ብለው ጉግልን ይጠይቃሉ። ግራፊንኦኤስ ላይ ከሆነ ጉግል «አላጸደቅኩትም» ይላል፣ ስልኩ ከሌላው የተሻለ የተጠበቀ ቢሆንም እንኳ። አፑም እምቢ ይላል። የማይጠይቁ አፖች አሉ፣ እነሱ በደህና ይሠራሉ። ግን ዛሬ የማይጠይቅ አፕ ነገ አፕዴት ተደርጎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «ቴሌብር ይሠራልዎታል፣ አይስጉ» ብዬ አልፈርምልዎትም፣ የፈረመልዎትንም አይመኑት።

እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎት። የገንዘቡን ሲም አሮጌ ስልክ ላይ ትቼ እዚያው እሠራለሁ። *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ በቁልፍ ስልክም ይሠራሉ፣ ኢንተርኔትም አይፈልጉም። ፒክስሉን ደግሞ ለቀረው ነገር። ሁለት ስልክ መያዝ ካልፈለጉ ይተዉት፣ ምንም አያፍሩ፣ እንጀራዎ ያለበት ስልክ የልምምድ ቦታ አይደለም። ከቀየሩ ግን ሽንኩርት በሚወጣበት ሰሞን አይሁን። ስልኩ ለመጫን ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የደንበኛ ቁጥር፣ የደረሰኝ ፎቶ፣ ሁሉም። የዱቤውን ዝርዝር ስልኩ ላይ ብቻ ከሆነ የያዙት፣ ዛሬውኑ ደብተር ላይ ይገልብጡት።

«ኢንኮግኒቶ ከፍቼ ብጠቀም አይበቃም?»

የፈለጉት የራስዎ ስልክ ላይ የጎበኟቸው ድረ ገጾች ታሪክ እንዳይቀመጥ ከሆነ ይበቃል። ለሌላው አይበቃም።

«ያገለገለ ፒክስል ገዛሁ፣ አልከፈት አለኝ»

አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ገዝተህ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ነው የታወቀህ፣ ያሳዝናል። ሌላ ሲስተም እንዲጫንበት ስልኩን የሚፈቅደው «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለው ማብሪያ ደብዝዞ አልነካ ካለህ ስልኩ ምናልባት እንደ ቬራይዘን ካሉ የአሜሪካ የቴሌኮም ድርጅቶች የወጣ ነው። እነዚህ በሶፍትዌር አይከፈቱም፣ «እከፍትልሃለሁ» ለሚልህም ብር አትስጥ። መጀመሪያ ግን ዋይፋይ አገናኝተህ እንደገና ሞክረው፣ አንዳንዴ ኢንተርኔት ስላላገኘ ብቻ ይደበዝዛል።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ስልኩን ኢንተርኔት ላይ አድርጉት፣ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብታችሁ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ንኩት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል፣ እዚያ ማብሪያው መብራት አለመብራቱን በዓይናችሁ እዩ። ሻጩ «ለሁሉም ሲም ክፍት ነው» ቢላችሁ ስለ ሲም ነው እያወራ ያለው፣ ይሄ ሌላ ነው። ዕድሜውንም ጠይቁ። ፒክስል 8 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ገበያ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ 7 ዓመት አፕዴት ያገኛሉ፣ ፒክስል 6 እና 7 ግን 5 ዓመት ብቻ።

«የት እንደምውል ያውቃል»

ይህን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊዋ እጮኛዋን ከተለየች ቆይታለች። ስልኩን የገዛላት እሱ ነው፣ ኢሜይሉንም የከፈተላት እሱ። አሁን ደውሎ «ዛሬ ጤና ጣቢያ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» ይላታል። ግራፊንኦኤስ ብጭን ይተወኛል ወይ ትላለች።

እህቴ፣ ይህ ሰው ስልክሽን መጥለፍ አላስፈለገውም። የይለፍ ቃሉ በእጁ ነው። በዚያው ኢሜይል ከራሱ ስልክ ገብቶ ስልክሽ ያለበትን ካርታ ላይ ማየት ይችላል። ጉግል ማፕ ላይ ሎኬሽንሽን ለራሱ አጋርቶ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለው ጋ ያንቺ ያልሆነ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ እሱም መልእክትሽን ያነባል። ዋትስአፕም «ሊንክድ ዲቫይስ» አለው። አዲስ ሲስተም ጭነሽ በዚያው ኢሜይል ከገባሽ መልሰሽ እጁ ላይ ወደቅሽ።

ግን አሁኑኑ ገብተሽ ሁሉንም አትቁረጪ። ሲቋረጥበት ያውቃል፣ ያወቀ ዕለት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ እሱ ነክቶት የማያውቅ ስልክ ፈልጊ፣ የእህትሽ ወይም የሥራ ባልደረባሽ። አዲስ ኢሜይል በዚያ ክፈቺ። ስልክሽ ላይ የምታዪውን የእሱን ዲቫይስ፣ የላከውን ማስፈራሪያ፣ በሌላው ስልክ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ሰው ይዘሽ ወደ ከተማሽ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ፖሊስ ጣቢያም ስትሄጂ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን መርማሪ ጠይቂ። ሌላ ጊዜ «ባለሙያ አማክሩ» የምለው ለወጉ ነው፣ ታውቁኛላችሁ። ይሄኛው ለወጉ አይደለም። ስልክ የሚያውቅ አምደኛ ከሚያስፈራራ ሰው አያድንሽም፣ ብቻሽንም አትሂጂ።

የቀራችሁትም ስሙ። ከመጡት መልእክቶች አብዛኞቹ የሚፈሩት ጉግልን ነው፣ አሜሪካ ያለውን። የስልካችንን ውስጥ የሚያዩት ግን ባብዛኛው ፓተርናችንን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስልክ ቤት ግቡና እዩ። ስክሪን ሊቀየርለት የገባ ስልክ ጀርባው ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለችው፣ በእስክሪብቶ ዘጠኝ ነጥብ ተነጥቦ መስመሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ተስሏል። ባንኮኒው መስታወት ነው። ከፊቱ የቆመ ሁሉ ያነባታል። ባለቤቱ ደግሞ ያው ፓተርን ባንክ አፑ ላይም ይሆናል ያለው። ግራፊንኦኤስ ለ18 ሰዓት ሳይከፈት የቆየ ስልክን ራሱ አጥፍቶ ያስነሳል፣ ተገዳችሁ ስትከፍቱ ሁሉን የሚደመስስ የተለየ ፒን እንኳ ልታዘጋጁበት ትችላላችሁ። ፒኑን ጽፋችሁ ለስልክ ሠሪው ካስረከባችሁት ግን ያ ሁሉ ለምንም አይሆንም። ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም። «ለመሞከር ነው» ካሏችሁ እዚያው ቆማችሁ ራሳችሁ ክፈቱላቸው።

«አንድ ልጅ በብር ይጭንልኛል፣ ልስጠው?»

ራስህ ጫነው። ከግራፊንኦኤስ ድረ ገጽ ላይ በክሮም የሚሠራ መጫኛ አለ፣ እየተጫነ ምን እንደምትነካ ይነግርሃል። ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በዳታ ፓኬጅ አትሞክረው። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ኬብሉም ደህና ይሁን። ሲያልቅ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መልሶ መቆለፍ አለ፣ የሚቸኩሉት የሚዘሉት ይሄንን ነው። ሳይቆለፍ የቀረ ስልክ ከበፊቱም የባሰ ነው። ሌላ ሰው ከጫነልህ ስልኩን አጥፍተህ አስነሳው፦ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ቢጫ ከሆነ ተቆልፏል፣ ብርቱካናማ ከሆነ መልስለት።

«ቴሌስ አያየኝም?»

ያያል። ሲም ያለው ስልክ ከየትኛው ማማ ጋር እንደተገናኘ ድርጅቱ ካላወቀ ጥሪው እንዴት ይደርስሃል? ጣርማበርን ስትወርድ ካንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲቀባበሉህ ነው የምትሄደው። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው፣ የትኛውም ሲስተም ይህን አይቀይረውም። ለወሬው ይዘት ሲግናል የሚባለውን የመልእክትና የጥሪ አፕ ተጠቀም።

«ዋስትናው ይበላሻል?»

ሻጩን ጠይቁ። ያገለገለ ስልክ ላይ ዋስትና ያገኘ ሰው ካለ ለእኔም ሱቁን ይጠቁመኝ።

«አማርኛ ይጽፋል?»

አብሮት የሚመጣው ኪቦርድ አማርኛ የለውም። ኪይማን ወይም ጂቦርድ ጫኑ። ጂቦርድ የጉግል ስለሆነ የምትጽፉት እንዳይወጣባችሁ ከሰጋችሁ፣ ግራፊንኦኤስ ከተለመደው አንድሮይድ የሚለይበት አንድ ነገር እዚህ ጋ ይጠቅማችኋል፦ ለእያንዳንዱ አፕ ኢንተርኔት መከልከል ይቻላል። አማርኛውን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ከዚያ የጂቦርድን «ኔትወርክ» ፈቃድ አጥፉ። መጻፉን ይጽፋል።