ሀዋሳ ላይ በጎ ፈቃድ ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትላንት ማታ አይቼው መልስ መጻፍ ስጀምር መብራት ሄደ፣ ስልኬም ሊዘጋ 4 ፐርሰንት ነበር የቀረው፣ ስለዚህ አሁን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ነው ምጽፍልሽ፣ ከረዘመብሽ ይቅርታ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ 7 ወር ሆኖሻል፣ ስራ እየፈለግሽ ነው፣ ቤት ከመቀመጥ እዚሁ ሀዋሳ በጎ ፈቃድ ልስራ ብለሽ ከየት እንደሚጀመርና ለሲቪ ይጠቅም እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ በሙሉ "ቀበሌ ሂጂና ተመዝገቢ" ነው ያሉሽ። ውሸት አደለም፣ ግን እዛ ላይ ካቆምሽ ምን እንደሚሆን 8 ዓመት ሙሉ ስላየሁት ልንገርሽ።

ትሄጃለሽ፣ ስምሽንና ስልክሽን ይመዘግባሉ፣ ከዛ ዝም። ሰኔ መጨረሻ ሐምሌ መግቢያ ላይ የክረምት በጎ ፈቃድ ሲከፈት ይደወልልሻል፣ ቲሸርት ይሰጥሻል (ሁሌ ኤክስ ኤል ነው፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም)፣ ባነር ይዘን ፎቶ እንነሳለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደየቤቱ። መጥፎ ነው እያልኩሽ አደለም፣ እኔም የጀመርኩት በሱ ነው፣ አሁን አብረውኝ ካሉት ግማሾቹን የተዋወቅኳቸው እዛው ችግኝ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን መጀመሪያ እጅሽ ላይ ያለውን ቁጠሪ ነው ምልሽ። ይሄን የተማርኩት በሰው ቤት ላይ ስለሆነ ትንሽ ላውራልሽ።

2009 ክረምት ላይ ነው። የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ተብሎ ታቦር ተራራ ስር ካሉት ሰፈሮች ባንዱ የአንዲት እናት ቤት ደረሰን። ብቻቸውን ነው ሚኖሩት፣ እማማ ነው ምንላቸው። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ጣራው ከመዛጉ የተነሳ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ሰማይ ይታይሻል። አንድ ድርጅት ቆርቆሮና ምስማር እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፣ ሰኞ ይመጣል ተባለ። እኛ ከ20 በላይ ነን፣ ጉልበት ሞልቶናል፣ ቅዳሜ ጠዋት ገብተን እስከ ምሳ ጣራውን አውርደን ጨረስን። አሮጌው ቆርቆሮ ሲወርድ እየተሰባበረ አለቀ፣ ወራጁም ግማሹ ተበልቶ ስለነበር ጣልነው። እንዴት ደስ እንዳለን፣ ቪዲዮ ሁሉ ቀርጸናል።

ሰኞ ቆርቆሮ የለም። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ማታ ያ የሀዋሳ ዝናብ መጣ፣ ምታውቂው ነው፣ ከሐይቁ ማዶ ጠቁሮ ይቆይና ድንገት ሚያወርደው። ሸራ ወጥረን ነበር፣ ንፋሱ ገለበጠው። እማማ ጎረቤት ነው ሚያድሩት፣ ግን በየማለዳው መጥተው ግድግዳው ስር ዱካቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሳጥናቸው በማዳበሪያና በላስቲክ ተጠቅልሎ አጠገባቸው ነው፣ እኔ ወደ ሱቅ ሳልፍ ያዩኝና "ልጄ፣ ዛሬ ይመጣል?" ይሉኛል። አይቆጡም፣ አይራገሙም፣ በቃ "ዛሬ ይመጣል?"። እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ እኮ! እቃ በቃል እንደማይመጣ በሙያዬ ማወቅ ነበረብኝ። መንገድ መቀየር ጀመርኩ በናትሽ፣ በሌላ ቅያስ ነበር ሱቅ ምገባው።

11 ቀን እንደዛ ቆየ። መጨረሻ ላይ የሰፈሩ እድር ብር አዋጣ፣ እኔ አለቃዬን ለምኜ 30 ቆርቆሮ በዱቤ አወጣሁ (ባለ 32 ጌጅ ነው ያወጣሁት፣ ባለ 35ቱ ርካሽ ነው ግን ስስ ነው፣ ለእርዳታ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው)፣ ከደሞዜ ለ4 ወር ተቆረጠ። ጣራው በ2 ቀን አለቀ። ሲያልቅ ደግሞ ያ ቃል ገብቶ የጠፋው አካል ካሜራ ይዞ መጥቶ ቁልፍ አስረከበ። ቁልፉ የእማማ የራሳቸው የድሮ ቁልፍ ነው፣ በሩን አልቀየርነውም እኮ። ከሳቸው ተቀብለው መልሰው ለሳቸው ሰጧቸው። እሳቸውም ተቀብለው መረቁ።

አላለቀም። ግድግዳው ምርጊት ይፈልግ ነበርና ጭቃውን በዛው ቀን ረግጠን በዛው ቀን መረግነው። እማማ "ጭቃው ከጭዱ ጋ ሰንብቶ ይቡካ እንጂ፣ ደግሞ በክረምት አይደርቅም፣ ለጥቅምት ብትመጡልኝ" ብለውን ነበር፣ ማን ይሰማል፣ ፕሮግራሙ ክረምት ነዋ። መስከረም ላይ ተሰነጣጥቆ ወደቀ። ኅዳር ላይ ተመልሰን በደንብ ሰራነው፣ ከ20ው ሰው የመጣነው 4 ነን። እስካሁን ግድግዳው አለ።

ከዛ በኋላ ቤት እድሳት ላይ ስጠራ ቆርቆሮውን በአይኔ ሳላይ አንድ ምስማር አልነቅልም፣ ሰዎች ወግ አጥባቂ ነህ ይሉኛል፣ ይበሉ።

አሁን ወዳንቺ። ገንዘብ የለሽም፣ ቆርቆሮም የለሽም፣ ያለሽ ጊዜ እና ሂሳብ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ልጠቁምሽ፣ የመጀመሪያው ማጠናከሪያ ትምህርት ነው።

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ውጤት ሲወጣ ታስታውሺያለሽ፣ ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሀገር ሙሉ ደነገጠ፣ እኛም ሰፈር ደነገጥን፣ የእድሩን አዳራሽ ለምነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች በነጻ ማስጠናት ጀመርን። 12ኛ ላይ ሳይሆን ታች የሆነው ምክንያቱ 12ኛ የደረሰውን ልጅ ቁጭ አድርገሽ ስታይው ችግሩ እዛ ታች ሆኖ ስለምታገኝው ነው። ስንጀምር 9 አስተማሪ ነበርን፣ 40 ምናምን ልጅ። በአራተኛው ሳምንት 3 አስተማሪ ቀረን። ልጆቹ ግን አልቀነሱም!

እንግሊዝኛ ሚያስተምር አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ልጆቹ በጣም ነው ሚወዱት። አዲስ አበባ ስራ አገኘና ሄደ፣ እሰይ፣ ግን ለማንም አልተናገረም፣ ለኛም ጭምር። አንዷ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሶስት ቅዳሜ የሰጣትን የቤት ስራ ይዛ በሩ አጠገብ ስትጠብቀው አየኋት፣ ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶ ይዛ። እሷ ላይ ያየሁት ፊት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ የነበሩትን እማማን ነው ያስታወሰኝ።

ያቺው ልጅ ናት ደግሞ ሂሳብ ላይ እኔን ያስተማረችኝ። 3/4 ሲደመር 1/2 ስንት ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል 4/6 አሉ፣ ላዩን ከላይ ታቹን ከታች ደምረው። እኔ የጋራ ታህት ምናምን ብዬ ማብራራት ጀመርኩ፣ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ነው። አቆምኩና ቆይ 4/6 ከ3/4 ይበልጣል ወይስ ያንሳል አልኳቸው፣ ሁለት አምባሻ ስለን ቆራረጥን። ዝም ብላ አየችውና "ቲቸር፣ ታዲያ ሶስት አራተኛ ነበረኝ፣ ግማሽ ተጨመረልኝ፣ እንዴት ከበፊቱ አነሰብኝ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ። ከዛ በኋላ እኔ ምንም አልጨመርኩም፣ ግማሹን ወደ ሁለት አራተኛ ራሳቸው ቆርጠው 5/4 አመጡ፣ "አንድ ሙሉ ከሩብ" ብለው ጮሁ። ይሄ የአንድ ሰዓት ስራ ነው እህቴ፣ ሳንቲም አላወጣሁም፣ አንቺ ደግሞ ከኔ በተሻለ ትችይዋለሽ፣ እኔ እኮ 10+2 ነኝ።

ሁለተኛው ማንም ማይነግርሽ ነው፣ እድር። ሳቂ ግን ስሚኝ። የአብዛኛው እድር ሂሳብ ያለው አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ላይ ነው፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ለቀብር የወጣ፣ የተከራየ ድንኳንና ወንበር፣ የጠፋ ብረት ድስት፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ አይናቸው ደክሟል። ሄደሽ "አባባ፣ ደብተሩን ላስተካክልሎት" በያቸው። የኛን ሰፈር ያስተካከለችው እንዳንቺ ስራ ስትፈልግ የነበረች ልጅ ናት፣ 2 ወር ፈጀባት፣ ሁለት ጊዜ ከፍለው አንድ ጊዜ የተጻፈላቸው አባላት ተገኙ፣ ውዝፍ አለባቸው ተብለው ይታሙ የነበሩ እትዬ ስማቸው ጸዳ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ብር እጅሽ ላይ አትያዢ። ጻፊ፣ ደምሪ፣ ደረሰኝ አያይዢ፣ ካዝናው ግን የገንዘብ ያዡ ነው። በኋላ ጣጣ አለው።

ለሲቪ ላልሽው፣ ይጠቅማል፣ ግን "በበጎ ፈቃድ ተሳትፋለች" የሚል ወረቀት ማንም አያነበውም። ወረቀቱን ስትጠይቂ ምን እንደሰራሽና ለስንት ጊዜ እንደሰራሽ በዝርዝር ይጻፉልሽ፣ ለምሳሌ ይሄን ያህል አባል ያለው እድር የ3 ዓመት ሂሳብ አስተካክላለች ብለው። ያቺ ልጅ አሁን የምትሰራበትን ቦታ ያገኘችው የእድሩ አባል የሆነ ነጋዴ ደብተሩን አይቶ ነው። ይሄ ሁሌ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም፣ ሁለት ዓመት አብራን አስተምራ እስካሁን ስራ ያላገኘች ልጅም አለች፣ አልፎ አልፎ ትከፋለች፣ አልፈርድባትም።

ሌላውን ባጭሩ። ሐይቅ ጽዳት ደስ ይላል፣ ከጓደኛ ጋ ሂጂ፣ ሲያልቅ አሞራ ገደል የአሳ ሾርባ አለ፣ አባ ኮዳዎቹም (እነዛ ትልልቅ ወፎች) ይጎበኙሻል። ግን የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃና ጎርፉ ወደ ውስጥ ያስገባሉ እንጂ ወደ ውጪ ሚወስድ የለም፣ የገባ ሃይላንድ እዛው ነው ሚቀረው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ከመልቀም ዝናብ ከመግባቱ በፊት ያንቺን ሰፈር ቦይ መጥረግ ይበልጣል፣ ፎቶው ግን አያምርም፣ ለዛ መሰለኝ ሰው ሚቀንሰው።

ደም ልገሳ ደግሞ ምንም ማይጠይቅ ነው፣ ደም ባንኩ እዚሁ ከተማችን አለ፣ 18 ዓመት የሞላሽና 45 ኪሎና ከዛ በላይ ከሆንሽ ጤናሽን አይተው ይወስዳሉ፣ በየ3 ወሩ መድገም ይቻላል። ደም ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይከማችም፣ ቀዩ የደም ሴል ራሱ በሳምንታት ይበላሻል፣ ፕላትሌት ሚባለው (ደም እንዲረጋ ሚያደርገው) ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው ሚቆየው፣ ለዚህ ነው አንድ ቀን 500 ሰው ተሰልፎ ከመስጠት ሰዉ በተለያየ ወር ተራ በተራ ቢሰጥ ሚሻለው። ተማሪ ሲበተን ክረምት ላይ ይቀንሳል፣ ያኔ ሂጂ። ቁርስሽን በልተሽ ብቻ! እኔ አንዴ በባዶ ሆዴ ሄጄ ነርሷ ላይ ነው የተዘረርኩት።

እና በፈጠረሽ የራሳችንን ማህበር እናቋቁም ከሚሉሽ ጋ አሁን አትግቢ። አንዴ 5 ሆነን ሞክረናል፣ 3 ወር ሎጎና የማህተም ዲዛይን ላይ ተጨቃጨቅን፣ አንድ ልጅ ሳናስጠና ተበተንን። ህጋዊ መሆን ካስፈለገ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1113/2011 ነው፣ ይደረስበታል።

ሴት ስለሆንሽ ደግሞ እንደ ወንድም ልንገርሽ፣ ቤት ለቤት ሚባል ስራ ላይ ብቻሽን አትሂጂ፣ የት እንደሆንሽ ቤት ይወቁ። የባጃጅም ሂሳብ አስቢ፣ ነጻ አገልግሎት ነው ይባላል እንጂ መመላለሻው ካንቺ ኪስ ነው ሚወጣው፣ በእግርሽ ምትደርሺበትን ምረጪ።

ደንበኛ መጣ፣ ላብቃ። መምጣት ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ አዳራሹን ላሳይሽ፣ ቾክ አለን፣ ዳስተር የለንም፣ አሮጌ ካልሲ ነው ምንጠቀመው። ስትመጪ ግን ስንት ቅዳሜ እንደምትችዪ ቆጥረሽ ነይ። ስራ ብታገኚ እንደምትሄጂ ሁላችንም እናውቃለን፣ 4 ከሆነ 4 በይኝ። ከእንግሊዝኛው ልጅ በኋላ የያንዳንዱ አስተማሪ ስም አጠገብ የቀረውን ቅዳሜ ሰሌዳው ጥግ ላይ እንጽፋለን፣ በየሳምንቱ አንድ ሚቀንሱት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።