ሰውነትን እያዳመጡ ከትራውማ መዳን፦ ከመግቢያው በፊት መውጫው

እህቴ፣ ያነሳሽው ጉዳይ ብዙ ካውንስለር የሚገጥመው ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ላላነበባችሁ፦ ተገልጋይዋ ከዓረብ ሀገር የተመለሰች የ24 ዓመት ወጣት ናት። በአራተኛው ሴሽን «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ በጥልቀት ተንፍሺ፣ ደረትሽ ላይ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ» ስትባል መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ፣ ፈዝዛ ቀረች። በሳምንቱም አልመጣችም። ጥያቄው «በሰውነት በኩል የሚሠራ ቴራፒ ለእኛ ሰው አይሆንም ማለት ነው? ልተወው?» የሚል ነው።

አትተዪው። የእኛ ሰው ጭንቀቱን ሲናገር ከሰውነቱ ነው የሚጀምረው። «ደረቴን ወጥሮ ያዘኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰውነቴን ይነዝረኛል» እያለ ነው በርሽን የሚያንኳኳው። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ልጅቷ እንዴት እንደምትወጣ ሳታውቅ ወደ ውስጥ ገባች።

ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ደውዪላት። በጽሑፍ መልእክት ዝርዝር ነገር አትላኪ፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል። «ባለፈው የሆነው ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የሰጠሁሽ ልምምድ ለዚያ ቀን ከባድ ነበር። ከመጣሽ ዓይን መጨፈን የለም፣ ስለደረሰብሽም አናወራም፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ እንቀመጣለን» በቂ ነው። ብዙዎቹ የሚቀሩት አፍረው ነው። «አበድኩ እንዴ?» ብለው ይፈራሉ።

አሁን ለምን እንዲያ እንደሆነች። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተደራርቦባታል። ዓይን ሲጨፈን ክፍሉ ሰላም መሆኑን የሚነግራት ማስረጃ ሁሉ ይጠፋል፤ በሩ የት እንዳለ፣ ማን እንደቆመ አታይም። ሰው ቤት ተቆልፎባት ለኖረች ሴት ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ትንፋሹ ነው። የተጨነቀ ሰው «በጥልቀት ተንፍስ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በጥልቀትም በፍጥነትም ይተነፍሳል፤ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። ይህ ራሱ ልክ እንደ ድንጋጤ ስለሚሰማ አደጋ የመጣ ይመስላታል። ሦስተኛው ደረት ነው። ከትራውማ (ከባድ ክስተት ከሚተወው የሥነ ልቦና ቁስል) የተረፈ ሰው የልቡን ምት የሚያነበው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትኩረቷን ቀጥታ እዚያ ስትወስጂው ምቱ ይጨምራል፣ ምቱ ሲጨምር ፍርሃቱ ይጨምራል፣ እንዲህ እያለ ይሽከረከራል።

ስለዚህ ሰውነትን ማዳመጥ ስንል የታፈነውን ቆፍሮ ማውጣት ማለታችን አይደለም። ዓላማው ሰውየው አንድን ስሜት ለጥቂት ሰከንድ ነክቶ፣ በራሱ ፈቃድ ተመልሶ መውጣት እንዲችል ነው። በሰውነት በኩል የሚሠራ የትራውማ ሕክምና ዘዴ የቀረጸው ፒተር ሌቪን በጠብታ በጠብታ መሥራትንና ከከበደው ወደ ቀለለው መመላለስን ያስተማረው፣ የትራውማ ቴራፒስቷ ባቤት ሮትሽልድም ቤንዚን ከመርገጥ በፊት ፍሬኑን እወቁ የምትለው ለዚህ ነው።

ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቂ። በልታለች? በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ያልቀመሰች፣ ወይም በረመዳን ከሰዓት በኋላ የመጣች ሴት እጇ ቢንቀጠቀጥና ራሷን ቢያዞራት ምክንያቱ ረሃብ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮውን ወደ ጠዋት አምጪው። ቡና ስንት ጠጣች፣ ጫት ትቅማለች? ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ከጭንቀት ጋር በጣም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ክብደቷ ከቀነሰ፣ ሙቀት የማትችል ከሆነ ወይም ፊቷ ከገረጣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ። እርግዝናንም በወግ በወጉ ጠይቂ።

ክፍሉም ጉዳይ አለው። መቀመጫውን እሷ ትምረጥ፣ በሩን ማየት ትችል፣ አይቆለፍ። የሚያሰጥም ሶፋ ከሆነ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር ይሻላል፤ አጥንቷ የሚያርፍበትን ቦታ በደንብ ይሰማታል። ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ወለሉ በበረኪና ከታጠበ መስኮት ከፍታችሁ ሽታው ይውጣ። ዓመታትን በሰው ቤት ጽዳት ላሳለፈችና እዚያው ለተደበደበች ሴት ያ ሽታ ብቻውን ሊያጥለቀልቃት ይችላል።

የመጀመሪያው ልምምድ ከውጭ ይጀምራል። ዓይኗ ክፍት ሆኖ አንገቷን ቀስ አድርጋ ከግራ ወደ ቀኝ ታዙር፤ ችኩል ዓይን ብቻውን እንዳይሮጥ አንገትና ትከሻ አብረው ይዙሩ። ያረፈችበትን ሦስት ነገር ስም ትጥራ፤ መጋረጃ፣ ጀበና፣ የመስኮቱ ዘንግ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሳይታዘዝ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይወጣል፤ ካየሽው አታሞግሺው፣ አትተንትኚው፣ ዝም በይ።

ቀጥሎ ሰውነቷ ዕቃ የሚነካበትን ቦታ ትጠይቂያለሽ። «ምን ይሰማሻል?» አትበዪ፤ ሰፊ ስለሆነ መልሱ ወይ «ምንም» ወይ ለቅሶ ነው። እንዲህ ይሁን፦

«ወንበሩ ጀርባሽን የት የት ላይ ነው የሚነካው?»
«ላይኛው ላይ፣ ትከሻዬ ጋ።»
«እዚያ ጋ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»
«አላውቅም።»
«ጥሩ። ታችኛው ጀርባሽስ፣ ነክቷል ወይስ ክፍተት አለ?»
«ክፍተት አለ።»
«ክፍተቱ ይቅር ወይስ ጠጋ ብትዪ ይሻልሻል? ሁለቱንም ሞክሪና የሚመችሽን ያዢ።»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ብትመስልም ብዙ ትሠራለች። የሌላ ሰው ትእዛዝ ሲፈጽም የኖረ ሰውነት እዚህ ላይ በራሱ ፍላጎት ተንቀሳቀሰ። «አላውቅም»ም ሙሉ መልስ ነው፤ አንዳንዱ የሰውነቱን ስሜት ከጥቃቱ ጀምሮ አጥፍቶታል፣ በሳምንታት ነው የሚመለስለት። ቃል ካጣች ምርጫ ስጪ፦ ይከብዳል፣ ይነዝራል፣ ይደነዝዛል፣ ይወጥራል፣ ይጨመድዳል? ስፋቱ የሳንቲም ያህል ነው ወይስ የመዳፍ?

ከባድ ቦታ ከመንካታችሁ በፊት ደህና ወይም ምንም የማይላት አንድ ቦታ ፈልጉ። የጆሮ ጫፍ፣ ጉልበት፣ የእጅ መዳፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ተወጠረው ቦታ አሥር ሰከንድ ብቻ፣ ወደ ደህናው ሠላሳ ሰከንድ። ሦስት ዙር ይበቃል። ከዜሮ እስከ አሥር ጭንቀቷን በቁጥር ትንገርሽ፤ ሰባት ሳይደርስ አቁሙ። በአንድ ሴሽን ውስጥ የዚህ ሥራ ድምር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የቀረው ጊዜ ለወሬና ለመረጋጋት ነው። የጀማሪ ትልቁ ችግር «ጥሩ እየሄደ ነው» ብሎ ማስረዘም ነው፤ ሴሽኑ ላይ ደህና ሆና ሌሊቱን ሙሉ በቅዠት ታድራለች።

አሁን ወደ መፍዘዟ። የአእምሮ ሐኪሙ ዳንኤል ሲገል እ.ኤ.አ. በ1999 ሰው ስሜቱን ችሎ ማሰብ የሚችልበትን ክልል እንደ መስኮት ገልጾታል። ከመስኮቱ ወደ ላይ ሲወጣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ዓይን ይቅበዘበዛል፤ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ዓይን አንድ ቦታ ይተከላል፣ ድምፅ ይቀጥናል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ መልስ ይዘገያል። ተገልጋይሽ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ወደቀች። ሁለቱ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ስለሆነ መለየት ግድ ነው።

ወደ ላይ ለወጣ ሰው ትንፋሹን ሳያጠልቅ ማስወጫውን ብቻ ማርዘም ይጠቅማል፤ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ስናስወጣ የልብ ምት ስለሚቀንስ ነው። አንገቷ የታነቀ ወይም አፏ የታፈነ ከሆነ ግን ትንፋሽን ተዪና በሁለት እጇ ግድግዳ ለአሥር ሰከንድ ትግፋ፤ ክንዷ ሲሠራ ይሰማታል።

ለፈዘዘ ሰው ይህን የትንፋሽ ልምምድ አታድርጊ። ቀድሞ የቀዘቀዘውን የባሰ ታቀዘቅዢዋለሽ። በለሆሳስ መናገርም አይረዳም። ድምፅሽን ከፍና ግልጽ አድርጊ፣ በስሟ ጥሪ፣ ቀኑንና ያለችበትን ከተማ ንገሪያት፣ አስነሺያት፣ ትራመድ። ብርቱካን ከእጅ ወደ እጅ ትወርውር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ትጠጣ። ራሷን የምትስት ዓይነት ከሆነች እግሮቿን አጣምራ የጭኗንና የሆዷን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቃ ትወጥር፣ 20 ሰከንድ ታላላ፣ አምስት ጊዜ ትደጋግም፤ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ ያግዛል። እስክትመለስ ድረስ ስለ ውስጥ ምንም አትጠይቂ።

«እግርሽን መሬት ላይ ትከዪ» የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ነገር ግን ለሁሉም አይሆንም። በደርግ ዘመን ወፌ ላላ የተገረፉ፣ በሊቢያ መንገድ በደላሎች እጅ የውስጥ እግራቸውን የተደበደቡ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ የውስጥ እግር ስሜት የግርፋቱ ደጅ ነው። አስቀድመሽ «ትኩረት እንዳናደርግበት የምትፈልጊው የሰውነት ክፍል አለ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ምክንያቱን አትጠይቂ። በዘይት ወይም በካውያ የተቃጠለ ቆዳ፣ ማኅፀን አካባቢ፣ አንገት በዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባትን ሴት በጀርባዋ አታስተኚ። መንካትን በተመለከተ እኔ ጭራሽ አለመንካትን እመርጣለሁ፤ ትከሻ መዳበስም ቢሆን። የራሷን መዳፍ በራሷ ክንድ ላይ ማሳረፍ ትችላለች።

ስለ መንቀጥቀጡ። ሰውነት ለመሸሽ ያዘጋጀውን ኃይል ሲያራግፍ ይንቀጠቀጣል የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል፣ ግን እንዲመጣ አታባብዪው። ዓይኗ ክፍት ሆኖ የምታወራሽ ከሆነ ቀላል መንቀጥቀጥ አያስፈራም፤ መናገር ካቆመች ልምምዱን አቁሚ። ከዚህ የሚበልጠው እሷ የምትሰጠው ትርጉም ነው። ዛር ተነሳባት ወይም ጋኔን አለባት ብላ ቤተሰቧ ውስጥ የሰማች ልጅ ሰውነቷ ሲርገፈገፍ የምትፈራው ያንን ነው። ቀድመሽ «አንዳንዴ እጅ ወይም ጉልበት ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ጡንቻ ሲላላ የሚሆን ነው፣ ስትፈልጊ ትነሺና ይቆማል» በያት። ጠበል የምትሄድ ከሆነ አትከራከሪ፤ ስግደትና ጸሎትም ለብዙዎች መረጋጊያ ነው። መድኃኒት ጀምራ ከሆነ ግን እንዳታቋርጥ አጥብቀሽ አሳስቢ።

ወደ ትዝታው መቼ ይገባል? በሁለት ተከታታይ ሴሽን የጭንቀት ቁጥሯን ከስድስት ወደ ሦስት በራሷ ማውረድ ስትችል። ያኔም ከክፉው ሰዓት አትጀምሩ፤ ካለፈ በኋላ ካለው ጀምሩ፣ ለምሳሌ ከዚያ ቤት ወጥታ ሰው ያገኘችበት ቅጽበት። አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ያለውን ግን ሳትጠይቂ እንደ ደህና ትዝታ አትውሰጂ፤ ባዶ እጇን ለተመለሰች እሱ ራሱ ቁስል ነው።

ማስረጃውን በተመለከተ ሚዛን ይኑረን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የእስራኤል ጥናት የሌቪንን ዘዴ በ63 ሰዎች ላይ ፈትሾ 15 ሳምንታዊ ሴሽኖች ምልክቶቹን እንደቀነሱ አሳይቷል፤ የተነጻጸረው ግን ሕክምና ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በ64 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ለ10 ሳምንት ለትራውማ የተቃኘ ዮጋ ከሠሩት 31 ሴቶች 16ቱ፣ የጤና ትምህርት ብቻ ካገኙት 29 ደግሞ 6ቱ መጨረሻ ላይ የፒቲኤስዲ (ከትራውማ በኋላ የሚቆይ የጭንቀት ሕመም) መስፈርት አላሟሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂዎች ያስቀደመው ግን በትራውማ ላይ ያተኮረ ሲቢቲን (አስተሳሰብንና ባህሪን በመለወጥ የሚሠራ ሕክምና) እና ኢኤምዲአርን (ትዝታውን እያሰቡ ዓይንን በማንቀሳቀስ የሚሠራ ሕክምና) ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ መሠረት ያዢው፤ በእነዚያ ሕክምናዎች ምትክ አታድርጊው።

ለቤት የምትሰጪው ልምምድ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፣ ቀን ላይ ይሁን እንጂ መኝታ ላይ አይሁን፤ አንገት ማዞርና ግድግዳ መግፋት ይበቃሉ። ራሷን ስለማጥፋት ካወራች፣ ድምፅ እሰማለሁ ካለች፣ ምላሷን እየነከሰች ወይም ሽንት እያመለጣት የምትወድቅ ከሆነ ልምምዱን አቁመሽ ወደ ሐኪም ላኪያት፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የመጨረሻው የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል በሰውነት ልምምድ የሚነካ አይደለም። ስትልኪያት በወረቀት ብቻ አትሸኚያት፤ ከተቻለ የሚያደርሳት ሰው አብሯት ይሂድ፣ ቀጠሮሽንም አትሰርዢ።