ሞዴሉና የመለኪያው ገመድ ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የውኃ መሐንዲስ ነኝ። አቃቂ አካባቢ ላለ ጥልቅ ጉድጓድ በሞድፍሎ (የከርሰ ምድር ውኃን እንቅስቃሴ በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሞዴል ሠርቻለሁ። ሞዴሉ መሬቱን የሚከፋፍልባቸው ካሬዎች ጎን 400 ሜትር፣ የጉድጓዱ ራዲየስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ትራንስሚሲቪቲው (ድንጋዩ ውኃ የማሳለፍ አቅሙ) በቀን 1,000 ካሬ ሜትር ነው። በሰከንድ 50 ሊትር ሲሳብ ሞዴሉ ውኃውን 62 ሜትር ጥልቀት ላይ ያሳያል፤ ገመድ ሰድደን ስንለካ 67.5 ሜትር ሆነ። ከፍታው ብቻ የሚለካባቸው የመመልከቻ ጉድጓዶች ግን ከሞዴሉ ጋር ገጥመዋል። ኃላፊዬ «ትራንስሚሲቪቲውን ቀንሰው፣ ይገጥማል» ይሉኛል። ልቀንሰው?
ከአዳማ

መልስ፦ እባክዎ አይንኩት! የመመልከቻ ጉድጓዶቹ ከገጠሙ ትራንስሚሲቪቲዎ ደህና ነው። እንዲህ «የተስተካከለ» ሪፖርት ሲመጣልኝ የትራንስሚሲቪቲውን ካርታ አይቼ አውቀዋለሁ፤ ልክ ፓምፑ ባለበት ካሬ ላይ አንዲት ዝቅተኛ ቁጥር ለብቻዋ ተቀምጣ ትገኛለች። እዚያ ቦታ ድንጋዩ ብቻውን ለምን እንደጠበበ የሚያስረዳ ጂኦሎጂስት አላጋጠመኝም።

ሞድፍሎ 50 ሊትሩን የሚስበው ከቱቦው ሳይሆን ከ16 ሄክታሩ ካሬ በሙሉ ነው። የሚሰጥዎም ቁጥር የካሬው እንጂ የጉድጓዱ አይደለም፤ የወረዳውን አማካይ ከፍታ ይዞ የገደሉን ጥልቀት እንደ መናገር ነው። ዶናልድ ፒስማን የተባለ የነዳጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየው፣ የካሬው ቁጥር ከጉድጓዱ የጎኑን አንድ አምስተኛ ያህል ርቆ ያለውን የውኃ ከፍታ ይወክላል። በእርስዎ ሞዴል 80 ሜትር መሆኑ ነው።

ከዚያ እስከ ቱቦው ያለውን ዝቅታ ውኃ ወደ ጉድጓድ ሲፈስ የሚፈጠረውን ዝቅታ በሚሰጠው በቲም ቀመር (እ.ኤ.አ. 1906) ያስሉት። በቀን 4,320 ሜትር ኩብ ለሁለት ፓይ ጊዜ 1,000 ሲካፈል 0.69 ይሆናል፤ የ80 ለ0.15 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 6.28 ነው። ሲባዙ 4.3 ሜትር። ከ5.5 ሜትሩ ልዩነት የቀረው 1.2 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ውኃው በቱቦው ወንፊት ሲገባ የሚባክን ከፍታ ሳይሆን አይቀርም። የሚስቡትን መጠን በደረጃ እየጨመሩ ቢሞክሩ ይህ ብክነት ተለይቶ ይታያል።

ካሬውን ወደ 25 ሜትር ማሳነስስ? ካሬዎቹ 256 እጥፍ ይበዛሉ፣ በካሬውና በቱቦው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ4.3 ወደ 2.4 ሜትር ብቻ ይወርዳል። ሎጋሪዝም በልፋት ብዛት አይሸነፍም። ይልቅ ኤም ኤን ደብሊው 2 የሚባለውን የሞድፍሎ ጥቅል ይክፈቱ፤ ይህንኑ ስሌት ራሱ ይሠራልዎታል። ሁለት ጉድጓዶች አንድ ካሬ ውስጥ ከገቡ ግን የፒስማን ርቀት አያገለግልም፤ ያን ጊዜ አካባቢውን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍሉት።