ሚዛኑ አልነቃነቅ ላላችሁ የድሬ ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

አቦ ሰላም ናችሁ? ጠዋት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አብረን የምንራመድ ሰዎች «ክብደቴ ቆመ» የሚለውን ጥያቄ አብዝታችኋል። ብዙ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ እኔም 14 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከ92 ኪሎ ወደ 81 ወረድኩ። ከዚያ አምስት ሳምንት ሙሉ 81 ላይ ነኝ። የምበላው እንደበፊቱ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ነገሩ ያለው «እንደበፊቱ» ያልሽው ላይ ነው። 81 ኪሎ የሆነ ሰውነት 92 የነበረውን ያህል አያቃጥልም። ያኔ ደረጃ ስትወጪ 11 ኪሎ ተጨማሪ ተሸክመሽ ነበር። ያኔ ያከሳሽ ምግብ ዛሬ ባለሽበት ያቆይሻል። በዚያ ላይ ሰው ሲከሳ ሳያውቀው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፤ ለቅርብ መንገድም ባጃጅ ይጠራል። ረሃቡም ይብሳል፣ ምክንያቱም ከሰውነት ስብ የሚመነጨውና ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይቀንሳል። ስለዚህ ራስሽን ሰነፍ ብለሽ አትውቀሺ።

መጀመሪያ ቶሎ የወረደው ክብደት ውስጥ ደግሞ ውሃ አለበት። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር በየግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ያን ፍጥነት ዛሬ አትጠብቂ።

አሁን ከዘይት ጀምሪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። እኛ ቤት ለሽሮ ዘይት የሚጨመረው ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ነበር። አንድ ቀን ያንኑ ግምት መጀመሪያ ኩባያ ውስጥ ቀዳሁና በማንኪያ ለካሁት፤ አምስት ሆነ፣ 600 ካሎሪ! ደነገጥኩ። ወደ ሁለት ማንኪያ አወረድነው፤ ሽሮው አሁንም ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ከሰዓት ባርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ስሆን ምግብ አልቀምስም። ታዲያ ለምን አልከሳሁም?

መልስ፦ ጫት ረሃብ ያጠፋል፣ ልክ ነህ። አብሮት የሚገባውን ግን ቁጠር። 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ሁለት ከጠጣህ ከ60 በለጠ። ስኳር የበዛበት ሻይና ለውዝ ሲጨመርማ! ከዚያ ማታ አራት ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲበርድ የቀኑ ረሃብ በአንዴ ይመጣል፣ እንቅልፍም የለም። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ብትተወው ለልብህም ይሻላል። እስክትተወው ግን ለስላሳውን በውሃ ቀይር፣ ምሳህንም አትዝለል።

ጥያቄ፦ ሆዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ስሮጥ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ተኩል ወረደልኝ። ልቀጥል?

መልስ፦ አይ፣ በፈጠረሽ ተይው! የወረደው ላብ ነው፤ ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል። ሰውነት የሚበርደው ላብ ሲተን ነው፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ይህን ያፍናል። በድሬ ሙቀት እንዲህ መሮጥ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ጭራሽ እጨምራለሁ።

መልስ፦ ዳቦና ሳምቡሳው በዝቶ ይሆናል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ፉል አብዢ፤ ፕሮቲናቸው ያጠግባል፣ ጡንቻሽንም ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ መርፌ ወይም መድኃኒት ያወፍራል?

መልስ፦ አንዳንዱ አዎ። ዲፖ (የወሊድ መከላከያ መርፌ)፣ ኢንሱሊን፣ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ) ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለማወፈር ተብሎ የሚወሰደውን ዴክሳ ግን አትንኩት፤ ከጀመራችሁም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ አቁሙ።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ከከዚራ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ጥሩ ነው፣ ሰውነትህ ግን ለምዶታል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጡንቻ ሥራ ጨምርበት። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙላና በየእጅህ አሥር አሥር ጊዜ አንሳ፤ ከወንበርም እጅህን ሳትደገፍ አሥር ጊዜ ተነስ። ጡንቻ ሲጨምር ሚዛኑ ባለበት ሊቆይ ስለሚችል ወገብህን በሜትር ለካ፣ ሁሌም ጠዋት፣ ሳትበላ። ጉልበትህን ካመመህ ከፍ ያለ ወንበር ፈልግ።