የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጡረታ መዋጮ በዓመቱ የግብር ማስታወቂያ ላይ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለኝ። ንግድ ፈቃዱ በግሌ ስም ነው፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ። ሦስት ሠራተኞቼ እያንዳንዳቸው በወር 6,000 ብር ያገኛሉ። በየወሩ የምከፍለውን 18 በመቶ የጡረታ መዋጮ በሙሉ ወጪ ብዬ ልያዘው? ለራሴ ጡረታ የማስቀምጠውስ?

መልስ፦ በመዋጮ ስም ወጪ የሚሆንልዎት ከ18ቱ እርስዎ እንደ አሠሪ የሚከፍሉት 11 በመቶ ብቻ ነው። 7 በመቶው ከሠራተኛው ደመወዝ የተቆረጠ ነው፤ ጥቅል (ምንም ያልተቆረጠበት) ደመወዙን ወጪ ሲያደርጉ አብሮ ገብቷል። በእርስዎ ቁጥር እንየው። የዓመቱ ጥቅል ደመወዝ 216,000 ብር፣ 11 በመቶው 23,760፤ ድምር ወጪ 239,760 ብር ነው። በደመወዙ ላይ 18 በመቶውን ከደመሩ ግን 254,880 ይመጣል፤ 15,120 ብር ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ኦዲተር ይህን ለማግኘት ብዙም አይደክምም፤ የአሥራ ሁለቱን ወር የጡረታ ማስታወቂያ (መዋጮው የሚታወቅበትን ወርሃዊ ቅጽ) ከፔይሮሉ፣ ማለትም ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ጋር ማስተያየት ይበቃዋል።

በተቃራኒው ሠራተኛው እጅ የገባውን የተጣራ ደመወዝ ብቻ የሚመዘግቡ ነጋዴዎች አሉ። የተቆረጠው ግብርና 7 በመቶው ከወጪ ስለሚቀርባቸው ባላገኙት ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላሉ።

የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ ከማስገባትዎ በፊት በወርሃዊ የጡረታ ቅጾቹ ላይ «የአሠሪው መዋጮ» የሚለውን ዓምድ ይደምሩና ለ0.11 ያካፍሉት። ውጤቱ ከመዝገቡ የደመወዝ ወጪ ጋር ካልገጠመ፣ ወይ የተዘለለ ሠራተኛ አለ፣ ወይ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከደመወዝ ጋር ተቀላቅሏል። መዋጮው የሚሰላው አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይጨመርበት በመነሻ ደመወዝ ላይ ስለሆነ አበሉን በሌላ መስመር ይያዙት።

የሰኔን ወር ልብ ይበሉ። መዋጮው የሚከፈለው ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሰኔው 1,980 ብር ሐምሌ ላይ ቢከፈልም ወጪነቱ ሰኔ 30 የተዘጋው የግብር ዓመት ነው። ሰኔ 30 ላይ በተከፋይ ሂሳብ (ገና ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ) ይመዝገብ። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የዓመቱን ማስታወቂያ ለማስገባት እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው፤ መስከረም ላይ ደረሰኝ ፍለጋ ከመሮጥ ግን ሐምሌን መጠቀም ይሻላል።

ከሠራተኛው ሳይቆርጡ ያለፉት ወር ካለ 7 በመቶውም የእርስዎ ዕዳ ይሆናል። «ሠራተኛው ራሱ አትቁረጥብኝ አለኝ» ማለት አያዋጣም።

ወደ ራስዎ ጡረታ ስንመጣ፣ ንግዱ በግል ስምዎ እስከሆነ ድረስ የራስዎ ተቀጣሪ አይደሉም። ከመደብሩ ለራስዎ የሚያወጡት «ደመወዝ» ወጪ አይሆንም፤ ለጡረታ የሚያስቀምጡትም እንዲሁ የግል ወጪ ነው። ባለቤቱ ከካፒታሉ እንደወሰደው ተደርጎ ይመዝገብ፤ ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ውስጥ አይግባ። ከሠራተኞቹ መዋጮ ጋር በአንድ መስመር ከተቀላቀለ ደግሞ ትክክለኛውን ወጪ ጭምር ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር ካፌ አለኝ። ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው የሥራ ግብር የሚሰላው 7 በመቶው ከተቆረጠ በኋላ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ሳይቆረጥ ነው። ግብሩ ከጥቅል ደመወዙ ላይ፣ 7 በመቶው ደግሞ ከመነሻ ደመወዙ ላይ ለየብቻ ይሰላሉ። መጀመሪያ 7 በመቶውን ቀንሰው በቀሪው ላይ ካሰሉ በየወሩ ያነሰ ግብር ይቆርጣሉ፤ ጉድለቱን ከነቅጣቱ የሚጠየቀው ደግሞ አሠሪው ነው።